ሚዛኑን ማን ይዞት ነበር?

(አሶሳ በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር። በዕለቱ ያልተገኙ አባላት በጠየቁት መሠረት ሙሉውን አትመነዋል።)





ስለ ድካም እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ድካምን የማታውቅ ሴት ማን አለች? ወፍ ሳይንጫጫ ውሃ፣ ከዚያ እንጨት፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ምድጃ። ወደ ክልላችን የሚመጣ እንግዳ በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ሸክም አንጠልጥለው በመንገድ ዳር የሚሄዱ እናቶቻችንን ፎቶግራፍ አንስቶ ይሄዳል። ሸክሙ ስንት ኪሎ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ብዙ የለም።

ዛሬ የምናገረው ግን ስለዚያ ድካም አይደለም። ተኝተውበት ሲነሱ ስለማይለቅ ድካም ነው። ከእሱም ይበልጥ ስለዚያ ድካም ጥናት ስለሚያጠኑ ሰዎች፣ ለጥናቱ ስለሚከፍሉ ሰዎች፣ በመጨረሻም ስለ እኛው ስለራሳችን ነው። ታገሱኝና አንድ በአንድ ልሂድ።

ከስድስት ዓመት በፊት ትኩሳት ያዘኝ። ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቀኝ፤ ጉልበቴ ግን ሳይመለስ ቀረ። ዛሬ ልብስ ባጥብ ነገና ከነገ ወዲያ አልጋ ላይ ነኝ። ሰው ሲያናግረኝ ቃል ይጠፋብኛል። የማኅበራችንን የቁጠባ መዝገብ የምይዘው እኔ እንደነበርኩ ታስታውሳላችሁ፤ በቃሌ እደምረው የነበረውን ሒሳብ ሦስት ጊዜ ደምሬ ሦስት የተለያየ መልስ አገኝ ጀመር። ወባ ተመረመርኩ፤ የለም። የደም ማነስ ተመረመርኩ፤ የለም። የሄድኩበት ጤና ተቋም ውስጥ ያገኘሁት ባለሙያ የምርመራ ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝና፣ «እህቴ፣ ምንም የለብሽም፤ ጭንቀት ነው። አትተኚ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርሽ ተንቀሳቀሺ» አለኝ።

ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። ያስተማሩትን ነው የነገረኝ። እኔም እሺ ብዬ በየቀኑ ጨመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ጀሪካን ይዤ ስመለስ መንገድ ላይ ቁጭ አልኩ፤ መነሳት አቃተኝ። ጎረቤቶቼ ደግፈው አስገቡኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ከደጄ አልራቅሁም። በሽታው ካመጣብኝ ይልቅ ያመመኝ ግን፣ ልፋቴ ስላላዳነኝ «ሰነፍ ሆኜ ይሆን?» ብዬ ራሴን መጠርጠሬ ነው።

በኋላ አዲስ አበባ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ወስዳ ለሌላ ሐኪም አሳየችኝ። ሕመሙ ስም እንዳለው ያን ጊዜ ሰማሁ። ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ይሉታል። ዋና ምልክቱ ትንሽ ከሠሩ በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ ሕመሙ ሁሉ የሚብስ መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ ኢንፌክሽን በኋላ ይጀምራል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2015 ባወጣው ሪፖርት የአእምሮ ፈጠራ ሳይሆን መላ አካልን የሚጎዳ ከባድ በሽታ ነው ብሏል። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ አደራ። ድካም የሚሰማት ሴት ሁሉ ይህ ሕመም አለባት ማለት አይደለም። አገራችን የወባ አገር ናት። የደም ማነስ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ የእንቅርት ችግር፣ ቢልሃርዝያ ሁሉም ጉልበት ይጨርሳሉ፤ ሁሉም ደግሞ ሕክምና አላቸው። መጀመሪያ ተመርመሩ። የእኔን ታሪክ ሰምታችሁ ከምርመራ እንዳትቀሩ።

የእህቴ ልጅ የጤና ሙያ ተማሪ ናት። «በየቀኑ ጨምሪ» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ጠይቄያት ነበር። ማታ ማታ ከስልኳ እያነበበች ነገረችኝ። የሰማሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ለንደን ውስጥ ነው። በ1955 ሮያል ፍሪ በሚባል ሆስፒታል አንድ ያልታወቀ ሕመም ተነሳና ከሆስፒታሉ ሠራተኞች መካከል 292 ሰዎችን አሳመመ። አብዛኞቹ ሴቶች፣ ብዙዎቹም ነርሶች ነበሩ። ትኩሳት፣ የእጢ ማበጥ፣ የጡንቻ ሕመም፣ መዛል ነበረባቸው፤ አንዳንዶቹ ለዓመታት አልዳኑም። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ ማክኢቬዲ እና ቢርድ የሚባሉ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች የታማሚዎቹን የድሮ መዝገቦች አንብበው በታወቀው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ሕመሙ የጅምላ «ሂስቴሪያ» ነው፣ ማለትም ከሴቶቹ ስሜት የመጣ ነው አሉ። ካቀረቧቸው ማስረጃዎች አንዱ ምን ነበር? የታመሙት አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸው። ይህን ለመጻፍ ከታመሙት ነርሶች አንዷንም አስጠርተው አልመረመሩም፤ አላነጋገሩም።

እህቶቼ፣ እስቲ አስቡት። ወረቀቱን አነበቡ፤ ሴቲቱን ግን አልጠየቋትም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ይህን ሕመም ይዛ ሐኪም ዘንድ የቀረበች ሴት ገና አፏን ሳትከፍት የሚጠብቃት ፍርድ ነበር።

አድሏዊነት የምንለው ይህንን ነው። አድሏዊ ተመራማሪ የግድ ውሸታም አይደለም። መልሱን አስቀድሞ በልቡ ይዞ የሚነሳ፣ ከዚያም ያንን መልስ የሚደግፈውን ብቻ የሚያይ ሰው ነው። የጥቅም ግጭት ደግሞ ሌላ ነው። ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጠውን ሴት «ቅቤሽ ንጹሕ ነው?» ብትሏት ምን ትላችኋለች? እውነት ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ግን በእሷ ቃል ብቻ አትገዙም፤ ታሸትታላችሁ፣ ትቀምሳላችሁ። ሚዛኑም የእሷ ከሆነ ሌላ ሚዛን ትፈልጋላችሁ። ይህን የምታደርጉት ሴትዮዋ ሌባ ስለሆነች ሳይሆን መልሱ ለእሷ ጥቅም ስላለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥናት ልምጣ። ፔስ ይባላል። እንግሊዝ አገር 641 ታማሚዎች የተሳተፉበትና ወደ 5 ሚሊዮን ፓውንድ የወጣበት ነው። በ2011 ዘ ላንሴት በተባለው ትልቅ የሕክምና መጽሔት ታተመ። እንቅስቃሴን ደረጃ በደረጃ መጨመር እና አስተሳሰብን የሚቀይር የምክር ሕክምና ታማሚዎቹን ይረዳሉ አለ። በ2013 ደግሞ እነዚያው ተመራማሪዎች እነዚህን ሁለት ሕክምናዎች ካገኙት ውስጥ 22 በመቶ የሚሆኑት «አገግመዋል» ብለው ጻፉ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ፤ ጀሪካን አሸከመኝ።

ታዲያ ሚዛኑን ማን ይዞት ነበር? ለጥናቱ ከከፈሉት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አንዱ ሥራ መሥራት ላልቻሉ ሰዎች ድጎማ የሚከፍለው የሥራና የጡረታ መሥሪያ ቤት ነበር። ከዋና ተመራማሪዎቹ መካከልም ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች እየተከፈላቸው ያማከሩ ነበሩ። የኢንሹራንስ ኩባንያ ታማሚው ተንቀሳቅሶ ይድናል ሲባል ክፍያው ይቀንስለታል። ተመራማሪዎቹ ይህን ግንኙነት በመጽሔቱ ላይ ገልጸዋል፤ አልደበቁም። በጥናቱ ለመሳተፍ ለፈረሙት ታማሚዎች የተሰጠው ወረቀት ላይ ግን አልተገለጸም። ያወቀው አንባቢው ነው፤ ሰውነቷን የሰጠችው ሴት አላወቀችም።

ሁለተኛው ነገር የመለኪያው ነው። የዕቁብ ሰዎች ስለሆናችሁ ይህን ከእኔ በላይ ትረዱታላችሁ። የሰውነት አቅም ከ0 እስከ 100 በሚደርስ ነጥብ ይለካ ነበር። ወደ ጥናቱ ለመግባት ነጥቧ 65 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት፤ ያን ያህል ታማለች ማለት ነው። በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት አገገመች ለመባል ቢያንስ 85 መድረስ ነበረባት። በኋላ ይህ ደረጃ ወደ 60 ወረደ። ሌሎችም መለኪያዎች ነበሩ፤ ግን በዚህኛው መለኪያ 65 ይዛ «ታማለች» ተብላ የገባች ሴት ባሰባትና 60 ላይ ወርዳ «አገግማለች» የሚለውን መስፈርት ታሟላ ነበር። ዕጣው ከወጣ በኋላ ደንቡን የሚቀይር የዕቁብ ሰብሳቢ ብናይ ምን እንል ነበር? ተመራማሪዎቹ ለውጡን ያደረግነው የመጨረሻውን ውጤት ሳናይ ነው ብለው ተከራክረዋል። የእነሱንም ቃል መስማት ተገቢ ነው። ነገር ግን ማን ምን እንዳገኘ ሁለቱም ወገን በሚያውቅበት ሙከራ፣ ደረጃውን ማውረድ ሰውን ማስጠርጠሩ አይቀርም።

ሦስተኛው፣ ታማሚዎቹ እግራቸው ላይ አስረውት የሚንቀሳቀሱትን ያህል የሚቆጥር መሣሪያ ነበር። መጀመሪያ ላይ ተጠቀሙበት፤ በመጨረሻው መለኪያ ግን ተወው፤ ለታማሚዎቹ ይከብዳል ተባለ። የቀረው በአብዛኛው «እንዴት ነሽ? ተሻለሽ?» የሚል ጥያቄ ሆነ። ሙከራው ሳያልቅም ለተሳታፊዎቹ የተላከ የዜና መጽሔት ነበር፤ ሕክምናውን ያመሰገኑ ታማሚዎች ቃል ታትሞበታል። በነገሩ ላይ ገና እየጠየቅኋችሁ ሳለ «እነ እንትና አመስግነዋል» የሚል መጽሔት ብልክላችሁ ቀጥላ የምትጠየቀው ሴት ምን ትመልሳለች?

ይህን ሁሉ ያወጣው ማን ነው? ታማሚዎቹ ናቸው። አልጋ ላይ ሆነው፣ በቀን ጥቂት ደቂቃ እያነበቡ፣ ቁጥሩን ደምረው ቀንሰው ደረሱበት። አውስትራሊያ የሚኖር አንድ ታማሚ የጥናቱ መረጃ ስም እየተሸፈነ ይሰጠኝ ብሎ በሕግ ጠየቀ። ዩኒቨርሲቲው ከ200 ሺህ ፓውንድ በላይ ለጠበቃ አውጥቶ ተከራከረ። በ2016 ጉዳዩን የያዘው ችሎት መረጃው ይሰጥ ብሎ ወሰነ። በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት እንደገና ሲሰላ ያገገሙት በየትኛውም ቡድን ከአሥር አንድ እንኳ አልሞሉም፤ በቡድኖቹ መካከልም የሚያስተማምን ልዩነት አልተገኘም። በ2021 የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም እንቅስቃሴን ደረጃ በደረጃ የመጨመርን ሕክምና ለዚህ ሕመም ከሚመክራቸው አወጣው። ከታተመበት እስከዚያ 10 ዓመት አለፈ።

እስካሁን ስለ ፈረንጅ ብቻ ያወራሁ ይመስላል። አሁን ወደ አገራችን ልመለስ፤ የእኛም ታሪክ በሴቶች ነውና የሚጀምረው።

እንዶድን የማያውቅ የለም። እናቶቻችን ሳሙና ሳይኖር ነጠላና ጋቢ ያጠቡበት ነው። በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ የቢልሃርዝያ በሽታን ያጠና ነበር። ቢልሃርዝያ በውሃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች በኩል የሚተላለፍ መሆኑን የኩርሙክ እህቶቻችን ያውቁታል፤ በሽንት ላይ ደም የሚያመጣው ዓይነት በእነሱ አካባቢ አለ። አክሊሉ ወንዙ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። ምን አደረገ? ከሴቶቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት ትሰጠው ዘንድ ጠየቃት፤ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ጨመረው። ሞቱ። የሳይንሱ መጀመሪያ ይህ ነው፤ የአጣቢዎቹን ሥራ አይቶ መጠየቅ።

ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አቋቋመ። አድዋ ላይ በተደረገው የአምስት ዓመት ሥራ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በገበያ ላይ የነበረው የቀንድ አውጣ ማጥፊያ ከውጭ በውድ የሚገዛ የኩባንያ ምርት ነበር፤ እንዶድ ግን በአጥራችን ይበቅላል። ሆኖም እንዶድ ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ሳያገኝ ዓመታት አለፉ። መርዛማነቱ በውጭ አገር ደረጃ በተመሰከረለት ላቦራቶሪ ይፈተሽ ተባለ። ያን የሚያህል ፍተሻ ደግሞ እጅግ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ ልሁን። ፍተሻ መጠየቁ ጥፋት አይደለም። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ሰው በሚጠጣው ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መፈተሽ አለበት። አክሊሉም ይህን አልተቃወመም። በ1989 ከሥራ ባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር የተናገረው ሌላ ነገር ነው። ችግሩ የሳይንስ ወይም የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የአመለካከት ነው፤ አፍሪካዊ በአፍሪካ ምድር ሠርቶ ያገኘውን ነገር ለማመን የሚቸገሩ ሰዎች አሉ አለ። በ1990ዎቹ ደግሞ አሜሪካ አገር ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውሃ ቱቦ የሚዘጉ ዛጎል ለበስ ፍጥረታትን ለማጥፋት በመጠቀም የፈጠራ መብት አስመዘገበ። አክሊሉም ከፈጠራው ባለቤቶች ተርታ ተጽፏል። የአድዋ አጣቢዎች ግን የሉበትም።

ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ላጠገብ አስቀምጡልኝ። ለንደን ላይ የታመሙት ሴቶች ቃል ሚዛን ላይ ሳይወጣ ተጣለ። እዚህ ደግሞ የአገር ልጆች ሥራ ከሌላው በከበደ ሚዛን ተመዘነ። በሁለቱም ቦታ ጥያቄው አንድ ነው። ሚዛኑን ማን ይዞታል? ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ማን ይጠቀማል? ያልተጠየቀውስ ማን ነው?

አሁን ከባዱ ክፍል ላይ ደረስኩ። ስለ ሌሎች ይህን ያህል ከተናገርኩ ስለራሴም መናገር አለብኝ።

ከመታመሜ በፊት ለአንድ ፕሮጀክት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። የፕሮጀክቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሥራው ፕሮጀክቱ ሴቶችን መጥቀሙን መጠየቅ ነበር። አበሌን የሚከፍለኝ ራሱ ፕሮጀክቱ ነው። ቅጹ ላይ «ድጋፉ ሕይወትዎን አሻሽሏል?» የሚል ጥያቄ ነበር፤ ከጎኑ «አዎ» እና «የለም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች። በአንድ መንደር አንዲት በዕድሜ የገፉ የበርታ እናት ዘንድ ገባሁ። ቡና አፈሉልኝ። አማርኛቸው ጥቂት ነበር፤ የእኔ የበርታ ቋንቋ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም፤ የልጅ ልጃቸው አስተረጎመን። ጥያቄውን ስጠይቃቸው ዝም ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ እንድጽፍ የሚፈልጉት ምንድን ነው ብለው ነው የላኩሽ?» አሉኝ። አፍሬ ሳቅኩ። ከዚያ ብዙ ነገር ነገሩኝ። ስልጠናው ጥሩ እንደነበር፣ የውሃው ፓምፕ ግን ጥቂት ወራት ሠርቶ እንደቆመ፣ አሁንም ውሃ የሚቀዱት ከድሮው ቦታ እንደሆነ፣ ወገባቸው እንደተቆረጠ። ይህን ሁሉ የምጽፍበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም። «ስለዚህ በአጠቃላይ ጥሩ ነው?» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔም «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

እህቶቼ፣ «አልሐምዱሊላህ» እና «ተመስገን» የዳሰሳ ጥናት መልስ አይደሉም። ሰው ልጁ ሞቶበትም ተመስገን ይላል። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ እያወቅሁ ምልክት አደረግሁ። ለምን? ፀሐይ ከርሮ ነበር፤ ገና ስድስት ቤት ይቀረኝ ነበር፤ ደግሞም አለቆቼ የሚወዱት መልስ የትኛው እንደሆነ አውቅ ነበር። ማንም ዋሺ አላለኝም። ሪፖርቱ በየቤቱ እርካታ እንዳለ ጻፈ። ፓምፑን ለመጠገን የመጣ ሰው ግን አልነበረም፤ ወረቀቱ ላይ የተበላሸ ፓምፕ የለማ!

ስታመም፣ «ምንም የለብሽም» የተባልኩ ቀን ትዝ ያሉኝ እኚያ እናት ናቸው። እኔም ወረቀት አጥፌ ሰጥቻቸው ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ለንስሐ ብቻ አይደለም። በመጪው ዓመት የማኅበራችን የቁጠባና ብድር ሥራ ይገመገማል። አጋሮቻችን ውጤቱን አይተው ስለ ቀጣዩ ድጋፍ ይወስናሉ። እስካሁን በነበረው አሠራራችን «ብድሩ ጠቀመሽ?» ብሎ አባላትን የሚጠይቀው የብድር ኮሚቴው ነው። የብድር ኮሚቴ እህቶቼ እንዳትከፉብኝ፤ እኔም ሁለት ዓመት በኮሚቴው አገልግያለሁ፤ ታማኝነታችሁን አውቃለሁ። ግን ቀጣዩን ብድር የምትወስነው ሴት ፊት ለፊቷ ቆማ ስትጠይቃት «አልጠቀመኝም፤ ዕዳ ውስጥ ገባሁ» የምትል አባል ስንት ናት? ለእንግሊዞቹ ያልፈቀድነውን ለራሳችን መፍቀድ የለብንም።

ስለዚህ ለጉባኤው አምስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጠያቂዋ ከብድር ኮሚቴ ውጭ ትሁን፤ ከተጠያቂዋም ቡድን አትሁን። የኩርሙክ አባላት የባምባሲን፣ የባምባሲ አባላት የመንጌን ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ምን እንደምንለካ፣ «ተሻሻለች» የምንለው ምን ስታገኝ እንደሆነ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ይፈረም። በኋላ መቀየር ካስፈለገ የተቀየረውና ምክንያቱ ለሁላችሁም ይነገር።

ሦስተኛ፣ ጥያቄው አባሏ በምትችለው ቋንቋ ይሁን፤ በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ። ከሳጥኖቹ ሥር ቃሏን እንዳለ የምንጽፍበት ባዶ ቦታ ይኑር። «ምን ተሻሻለ?» ካልን «ምን ባሰ?» ብለንም እንጠይቅ።

አራተኛ፣ ከጥያቄው በፊት ለጥናቱ የከፈለው ማን እንደሆነ፣ መልሷ ለማን እንደሚደርስ ይነገራት። መልሷ የወደፊት ብድሯን እንደማይነካም በማኅበሩ ስም ቃል እንግባላት፤ ቃላችንንም እንጠብቅ።

አምስተኛ፣ ውጤቱ ለአጋሮቻችን ከመላኩ በፊት ለአባላት ይነበብ። መጥፎውም ይነበብ። «እኔ እንዲህ አላልኩም» የምትል ካለች እዚያው ትናገር።

ለተከበራችሁ አጋሮቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ለእኛ የምታደርጉትን እናውቃለን፤ ከልብ እናመሰግናለን። ነገር ግን እናንተም በዚህ ነገር ውስጥ አላችሁበት። ጥሩ ዜና ብቻ የያዘ ሪፖርት ድጋፉን የሚያስቀጥል፣ የተበላሸ ፓምፕ የጻፈ ሪፖርት ደግሞ ድጋፉን የሚያስቆርጥ ከሆነ ከእኛ እውነት አትጠብቁ፤ ማንም ድሃ ውድ የሆነ እውነት ደጋግሞ መክፈል አይችልም። በዚህ ዓመት ሪፖርታችን ላይ ያልተሳካ ነገር ካያችሁ ስልክ ደውላችሁ «ምን እንርዳችሁ?» በሉን እንጂ አትሽሹን። ይህን በግልጽ የምለምናችሁ እዚህ በሁላችሁም ፊት ስለሆነ ነው።

ስለ ጤናዬ ለምትጠይቁኝ፣ ደህና ነኝ ልላችሁ አልችልም፤ ከድሮው ግን ይሻላል። አቅሜን እየለካሁ እሠራለሁ፤ ከመድከሜ በፊት አርፋለሁ። ለዛሬው ንግግር አራት ቀን ተኝቻለሁ፤ ነገና ከነገ ወዲያም እተኛለሁ። መጥታችሁ ተኝቼ ብታገኙኝ ሰነፈች እንዳትሉ።

መልካቸው ያልተለወጠ፣ የምርመራ ወረቀታቸው ንጹሕ የሆነ፣ ግን «ደከመኝ» የሚሉ ሴቶች በየቀበሌያችሁ አሉ። ምናልባትም አጠገባችሁ ተቀምጠዋል። ሐኪም ዘንድ አብራችኋቸው ሂዱ። መልስ ሳይገኝ ቢመለሱም «ምንም የለብሽም» አትበሏቸው። «ገና አልታወቀም» በሏቸው፤ እሱ እውነት ነው።

እኚያን እናት ባለፈው ዓመት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ቅጽ አልያዝኩም። ፓምፑ አሁንም እንደቆመ ነው። እኔና ሁለት የማኅበራችን አባላት ጉዳዩን ጽፈን ለወረዳው አቅርበናል፤ ምላሹን እየጠበቅን ነው። የምንጠብቀውንም በሚቀጥለው ጉባኤ እነግራችኋለሁ፤ ተሠራም አልተሠራም።